ትልቅ ጎማ ለገባለት መኪና የዲፈረንሻል ሬሾ አቀያየር

265/70አር16 ጎማ ለብሶ በመጣ ላንድክሩዘር 79 ፒክአፕ ላይ 315/75አር16 ያስገባ ሰው ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደስተኛ ነው፤ መኪናው ከመሬት ከፍ ይላል፣ ጭቃውንና ድንጋዩንም እንደ ዋዛ ያልፋል። ጭነት ይዞ ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን የሚወስደውን ዳገት በወጣበት ቀን ግን ድሮ በሦስተኛ ማርሽ ይገፋው የነበረውን ቦታ በሁለተኛ እየተጨነቀ ሲወጣው ያገኘዋል። በዚህ ጊዜ ብዙ ባለመኪና ፓምፑን ያስፈትሻል፣ ኖዝሉን ያስቀይራል፣ ፍሪሲዮኑን ይጠረጥራል። ሞተሩ ግን ጤነኛ ነው። ትልቁ ጎማ በአንድ ዙር የሚሸፍነው መሬት ስለረዘመ ሁሉም ማርሽ ቀሎበታል፣ ማለትም ጎማውን የሚገፋበት ጉልበት ቀንሷል፤ ይህን የሚያስተካክለው በሁለቱ ዲፈረንሻሎች ውስጥ ያለውን ኮሮናና ፒኞን መቀየር ነው።

ፒኞን የሚባለው ትንሹ ማርሽ ከፕሮፔለር ሻፍቱ ጋር አብሮ ይዞራል፤ ኮሮና የሚባለው ትልቁ ክብ ማርሽ ደግሞ ከፒኞኑ ተቀብሎ አክስል ሻፍቶቹንና ጎማዎቹን ያዞራል። ዋን ኤች ዜድ ሞተር ባለው 79 ላይ ኮሮናው 37፣ ፒኞኑ 9 ጥርስ አላቸው። 37 ለ9 ሲካፈል 4.11 ይሆናል፤ ስለዚህ ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ፕሮፔለር ሻፍቱ ከአራት ዙር ትንሽ አልፎ መዞር አለበት። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን መኪናው ጉልበት ያገኛል፣ ፍጥነቱ ግን ይቀንሳል።

ስሌቱ

የጎማውን ዲያሜትር ለማግኘት ስፋቱን በመቶኛው አባዝተው እጥፍ ያድርጉና የቸርኬውን መጠን ይደምሩበት። ለ265/70አር16 ይህ 371 ሲደመር 406 (የ16 ኢንች ቸርኬ በሚሊ ሜትር) ማለትም 777 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለ315/75አር16 ደግሞ 879 ሚሊ ሜትር ይመጣል። 879ን ለ777 ሲያካፍሉ 1.13 ያገኛሉ፤ ጎማው በ13 በመቶ አድጓል ማለት ነው። የቀድሞውን ሬሾ 4.11ን በ1.13 ሲያባዙ 4.65 ይሆናል፤ መኪናው የፋብሪካውን ጠባይ መልሶ እንዲያገኝ የሚያስፈልገው ቁጥር ይህ ነው። በትክክል 4.65 የሆነ ኮሮናና ፒኞን ስለማይገኝ ምርጫው በ4.56 እና በ4.88 መካከል ይሆናል፤ የመጀመሪያው 41 ለ9፣ ሁለተኛው 39 ለ8 ነው።

ልዩነቱ በሞተሩ ዙር ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። የ79ኙ ካምቢዮ አራተኛ ማርሹ አንድ ለአንድ ስለሆነ ለስሌት ይመቻል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲነዳ፣ በፋብሪካው ጎማ ሞተሩ በደቂቃ ወደ 2,245 ዙር ይዞር ነበር፤ ትልቁ ጎማ ሲገባ ይህ ወደ 1,985 ይወርዳል። ዋን ኤች ዜድ ተርቦ የሌለው ሞተር ሲሆን ከፍተኛ የመጠምዘዝ ጉልበቱን (ቶርክ) የሚሰጠው በ2,200 ዙር አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ትልቁ ጎማ ሞተሩን ጉልበት ከሚሰጥበት ቦታ በታች አውርዶታል ማለት ነው። 4.56 ሲገባ ዙሩ ወደ 2,200 ይመለሳል፣ በ4.88 ደግሞ 2,354 ይደርሳል።

ጠፍጣፋ አገር ላይ የሚነዳ ሰው 4.56ን ቢመርጥ አይቆጨውም። በእኛ ደጋ ግን ነገሩ ይለያል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ የምትገኝ በመሆኗ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ አየሩ በሳሳበት መጠን ጉልበቱን ያጣል። ባለተርቦው ሞተር የሚጎዳው በጥቂቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ተርቦ በሌለው መኪና ጭነት ጭነው ጣርማበርን፣ ሊማሊሞን ወይም የአባይን በረሃ ለሚመላለሱ የምመክረው 4.88ን ነው፤ በአስፋልት ላይ የሚጨምረውን ዙር አምስተኛው ማርሽ ያቃልልልዎታል። ቁልቁለትም ቢሆን አብሮ የሚታሰብ ነው፤ ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ሲወርዱ መኪናውን በማርሽ የሚይዘው ይኸው ሬሾ ነውና፣ ትልቅ ጎማ አስገብቶ ሬሾውን ያልቀየረ ሰው ፍሬኑን ከወትሮው በላይ እየረገጠ ያግለዋል። ከ4.88 በላይ ያለውን 5.29ን ግን ለጭነት መኪና አልመክርም፤ ፒኞኑ ሰባት ጥርስ ብቻ ያለው ቀጭን ስለሆነ ለመሰበር ቅርብ ነው።

ጎማው ያደገው ከ5 በመቶ በታች ከሆነ ሬሾ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። ከ10 በመቶ ሲያልፍ መቀየር አለበት። በመካከል ላለው፣ ለምሳሌ ለ285/75አር16 ዕድገቱ 7 በመቶ ስለሆነ፣ የሚወስነው ጭነቱና የሚነዱበት ከፍታ ነው።

ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት

መኪናው አሁን ያለው ሬሾ ስንት እንደሆነ በእጅዎ ያረጋግጡ፤ ያገለገለ መኪና ከሆነ ከእርስዎ በፊት የነበረው ባለቤት ሌላ ዲፈረንሻል አስገብቶበት ሊሆን ይችላል። ካምቢዮውን ዜሮ ላይ ያድርጉ፣ መሬት ላይ የሚቀሩትን ጎማዎች በታኮ ይያዙ፣ የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ፣ ከኋላ ጎማዎች አንዱን ብቻ በክሪክ ያንሱ። ጎማውና ፕሮፔለር ሻፍቱ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገው ጎማውን ሁለት ሙሉ ዙር ያዙሩት፤ አንዱ ጎማ መሬት ላይ በመሆኑ የሁለት ዙሩ ግማሽ ብቻ ወደ ኮሮናው ይደርሳልና፣ ፕሮፔለር ሻፍቱ የዞረው ብዛት ሬሾውን ይነግርዎታል። አራት ዙር ሞልቶ ጥቂት ካለፈ 4.11 ነው፤ ወደ አምስት ከተጠጋ ቀድሞውኑ ተቀይሯል። የመጨረሻው ማረጋገጫ ዲፈረንሻሉ ሲወርድ ጥርሱን መቁጠር ነው።

ሁለት ዲፈረንሻል ያለው መኪና የፊቱና የኋላው ሬሾ አንድ መሆን አለበት። ከኋላ 4.88፣ ከፊት 4.11 አድርጎ ፎር ባይ ፎር ያስገባ ሰው ሁለቱን አክስሎች እርስ በእርስ ያታግላል፤ ደረቅ መንገድ ላይ ከሆነ ክሮቸራው (የፕሮፔለር ሻፍቱ መታጠፊያ) ወይም ትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ማርሽ ቤት) እስኪሰበር ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሁለቱም እስኪሟላ ይጠብቁ። እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ በተሠሩት 79ዎች ላይ የኋላው ኮሮና 9.5 ኢንች፣ የፊቱ 8 ኢንች ነው፤ የፊቱ ፒኞን ከፍ ብሎ የሚገባ፣ ጥርሱም በተቃራኒ የተቆረጠ ስለሆነ ሲያዝዙ ይህን ለይተው መናገር አለብዎት። ኮሮናና ፒኞን በፋብሪካ ተፋጭተው የተጋቡ ጥንድ ናቸው፤ በሁለቱም ላይ ተመሳሳይ ቁጥር ተመትቶባቸዋል። ሶማሌ ተራ ሄደው ኮሮናውን ከአንዱ፣ ፒኞኑን ከሌላው ለቅመው ቢያገናኙ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይጮኻል። ከጥንዱ ጋር አዲስ ኩሽኔቶችን፣ ኦይል ሲሎችን፣ የፒኞኑን ዳዶ፣ በፒኞኑ ላይ የሚጨመቀውን ስፔሰርና የተለያየ ውፍረት ያላቸውን ሺሞች (ርቀት ለማስተካከል የሚገቡ ስስ የብረት ቀለበቶች) አብረው ይግዙ።

ማውረድ

የኋላው አክስል የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው በሙዞው (ጎማው በሚታሰርበት እምብርት) ኩሽኔቶች ስለሆነ ጎማው ሳይወልቅ አክስል ሻፍቱ ይወጣል። ዘይቱን ያፍስሱ፣ በሙዞው ፊት ያሉትን ዳዶዎች ይፍቱ። ከዳዶዎቹ ሥር የተሰነጠቁ ሾጣጣ ዋሸሮች አሉ፤ ብዙ ሰው እነዚህን በካቻቢቴ ሊፈለቅቅ ሲሞክር ያበላሻቸዋል። ዳዶውን በብሎኑ ጫፍ ላይ ጥቂት ጥርስ አስይዘው ይተዉትና የሻፍቱን ፊት በነሐስ መዶሻ ጠንከር አድርገው ይምቱት፤ ዋሸሮቹ ራሳቸው ዘልለው ይወጣሉ። ከዚያ ሁለቱን ሻፍቶች ጎትተው ፕሮፔለር ሻፍቱን ይንቀሉ፤ ከመንቀልዎ በፊት ፍላንጆቹ ላይ ምልክት ያድርጉ። ዲፈረንሻሉን ለማውረድ ሁለት ሰው ወይም የካምቢዮ ክሪክ ያስፈልጋል።

የፊቱ ረጅም ሥራ ነው። ፍሪ ዊሉ፣ የፍሬን ካሊፐሩ፣ ሙዞውና ስፒንድሉ በተራ ይወርዳሉ፤ ሻፍቱ ከነመገጣጠሚያው የሚወጣው የመገጣጠሚያው ጠፍጣፋ ጎን ወደ ላይ ሲሆን ብቻ ስለሆነ በኃይል አይጎትቱት። እዚህ ድረስ ከተፈታ በኋላ የአክስሉን ጉልበት (መሪው ሲዞር የሚታጠፈውን የአክስል ጫፍ) ኦይል ሲሎች ሳይቀይሩና ግራሶውን ሳያድሱ መዝጋት ተገቢ አይደለም። የአክስሉን ቤት ውስጡን በናፍጣ አጥበው በጨርቅ ያድርቁት፤ አንዲት የብረት ፍቅፋቂ ብትቀር አዲሱን ኩሽኔት ትበላዋለች።

ማስተካከል

አሮጌው ኮሮና ከወለቀ በኋላ አዲሱን በመዶሻ እየደበደቡ ማስገባት የለብዎትም። ትልቅ ድስት ውስጥ ውኃ አፍልተው ኮሮናውን ይንከሩት፤ ሲግል ስለሚሰፋ በቦታው ላይ በእጅ ግፊት ብቻ ቁጭ ይላል። ውኃው ወዲያው ይደርቃል፤ ብሎኖቹን ሲቀዘቅዝ በተቃራኒ አቅጣጫ እያፈራረቁ በመመሪያው ልክ በቶርክ ሬንች ያጥብቁ።

ቀጥሎ የፒኞኑ ጥልቀት ይመጣል። ጥልቀቱን የሚወስነው በፒኞኑ ራስና በውስጠኛው ኩሽኔት መካከል የሚገባው ሺም ነው፤ ሺሙ በወፈረ ቁጥር ፒኞኑ ወደ ኮሮናው ይጠጋል። መነሻ የሚሆነው ከአሮጌው ፒኞን ላይ የወጣው ሺም ነው። ይህ መለኪያ በአንድ ጊዜ ስለማይሳካ ኩሽኔቱን በፕሬስ ደጋግሞ ማስገባትና ማውጣት አዲሱን ኩሽኔት ይጎዳል፤ ስለዚህ አሮጌውን ኩሽኔት ውስጡን በድንጋይ ሞርደው በእጅ የሚገባና የሚወጣ የሙከራ ኩሽኔት ያድርጉት። ሙከራው እስኪያልቅ የሚጨመቀውን ስፔሰር አያስገቡ።

ሙከራው አልቆ አዲሱ ኩሽኔትና ስፔሰር ሲገቡ የፒኞኑ ኩሽኔቶች ውጥረት ይለካል። ለዚህ የሚሆን ትንሽ ቶርክ ሬንች ከሌለዎት በፍላንጁ ላይ ሲባጎ ጠምጥመው በመንጠቆ ሚዛን ይጎትቱት። ለምሳሌ መመሪያው 1.2 ኒውተን ሜትር ቢጠይቅና ሲባጎው ከመሐል 5 ሳንቲ ሜትር ርቆ ቢጠመጠም፣ ፒኞኑ እኩል እየዞረ ሳለ ሚዛኑ ወደ 2.4 ኪሎ ማንበብ አለበት። ዳዶውን በጥቂት በጥቂቱ እያጠበቁ በየጊዜው ይለኩ። ልኩን ካለፉ ዳዶውን ወደ ኋላ ማላላት መፍትሔ አይሆንም፤ ስፔሰሩ አንዴ ከተጨመቀ ስለማይመለስ በአዲስ መተካት አለበት። ያገለገለ ኩሽኔት መልሰው የሚጠቀሙ ከሆነ ውጥረቱ የአዲሱ ግማሽ ገደማ ይበቃዋል።

ኮሮናው በቦታው ሲገባ በሁለቱ ጎኖች ያሉትን ማስተካከያ ቀለበቶች በማዞር ወደ ፒኞኑ ያስጠጉታል ወይም ያርቁታል። በጥርሶቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት ባክላሽ ይባላል፤ ብዙዎቹ የቶዮታ ዲፈረንሻሎች ከ0.13 እስከ 0.20 ሚሊ ሜትር ባለው ክልል ውስጥ ናቸው፣ የእርስዎን አክስል ትክክለኛ ቁጥር ግን ከመመሪያው ያንብቡ። ዳያል ጌጁን (ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚለካውን ባለ መርፌ መለኪያ) በጥርሱ ውጫዊ ጫፍ ላይ ቀጥ አድርገው ያቁሙትና ኮሮናውን እያዞሩ ቢያንስ በአራት ቦታ ይለኩ፤ ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ብዙ የሚለያይ ከሆነ ኮሮናው ሥር ቆሻሻ ገብቷል ወይም ብሎኖቹ እኩል አልጠበቁም። በጣት ነቅንቆ «ጥሩ ነው» ማለት ልኬት አይደለም፤ የእነዚህ ቁጥሮች ልዩነት ከፀጉር ውፍረት አይበልጥም።

አሻራውን ማንበብ

የዚህ ሥራ ፍርድ የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። የራሴን መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ያስቀየርኩበት ጋራዥ ባለሙያ ባክላሹን ለክቶ አሻራ፣ ማለትም ጥርሶቹ ሲነካኩ በቀለም ላይ የሚተዉትን ምልክት፣ ሳያነሳ ዘጋው፤ እኔም አብሬው ቆሜ ሳልጠይቅ ቀረሁ። ወደ ደብረ ብርሃን ስሄድ በ70 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ቀጭን ፉጨት ጀመረ፤ ነዳጅ ስረግጥ ይጮኻል፣ ስለቅ ይጠፋል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ዘይቱ ሲፈስ የብር ቀለም እንደተበጠበጠበት ያብረቀርቅ ነበር። ኮሮናው ሲታይ ጥርሶቹ የተበሉት አናታቸው ላይ በቀጭን መስመር ብቻ ሲሆን መስመሩ በሙቀት ሰማያዊ ሆኖ ነበር። ባክላሹ ትክክል ነበር፤ ፒኞኑ ግን ከኮሮናው ርቆ ተገጥሟል። ያንን ጥንድ መልሶ ማዳን አልተቻለም።

ስለዚህ በኮሮናው ላይ በሦስት የተለያዩ ቦታዎች አራት አራት ጥርሶችን በማርሽ ቀለም በስሱ ይቀቡ። ኮሮናውን በእንጨት ቁራጭ ጨቆን አድርገው እየያዙ ፒኞኑን ወደ ፊትም ወደ ኋላም ደጋግመው ያዙሩት፤ ያለ ጭነት የዞረ ማርሽ አሻራው ደብዛዛ ስለሚሆን ያታልላል። ከዚያ በጥሩ ብርሃን ቀለሙ የተገፋበትን ቦታ ይመልከቱ። የሚፈልጉት አሻራ በጥርሱ አናትና በጥርሱ ሥር መካከል ያረፈ፣ ዳሩ የለዘበ ሞላላ ቅርጽ ነው። በሁለቱም የጥርስ ፊቶች ላይ ወደ አናት ከወጣ ፒኞኑ ሩቅ ስለሆነ ሺሙን ያወፍሩ፤ በሁለቱም ላይ ወደ ሥር ከወረደ ፒኞኑ ጠልቋልና ሺሙን ያሳሱ። ጥልቀቱ ልክ ሆኖ አሻራው ወደ ጥርሱ ውስጠኛ ጫፍ የተጠጋ ከሆነ ኮሮናውን ከፒኞኑ ጥቂት ያርቁት፤ ወደ ውጫዊው ጫፍ ከሄደ ያስጠጉት፤ ይህ ግን ባክላሹ ከተፈቀደው ክልል ሳይወጣ መሆን አለበት። ከውስጠኛና ከውጫዊ ጫፍ ይልቅ ለአናትና ለሥር ይጨነቁ፤ ማርሽ የሚገድለው እሱ ነው።

ሺሙን በአንድ ጊዜ ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር ብቻ ይቀይሩ፤ ጥልቀቱ ሲቀየር ባክላሹም ስለሚቀየር ሁለቱንም በየዙሩ እንደገና ይለኩ። አምስት ስድስት ጊዜ መፍታትና መግጠም የተለመደ ነው። መካኒክ የሚያሠሩ ከሆነ ዋጋ ሲነጋገሩ አሻራውን ሳያዩ ዲፈረንሻሉ እንዳይዘጋ ይስማሙ፤ ከመዘጋቱም በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።

ከተዘጋ በኋላ

የመጋጠሚያውን ፊት አጽድተው በአዲስ ጓርኒሲዮን ወይም በሲሊኮን ይዝጉ፣ ለሃይፖይድ ማርሽ የተዘጋጀ ጂኤል-5 ደረጃ ያለው 80ደብልዩ-90 ዘይት እስከ መሙያው ቀዳዳ ከንፈር ድረስ ይሙሉ። የአክስሉ መተንፈሻ ተደፍኖ እንደሆነ አሁን ያጽዱት፤ ትልቅ ጎማ ያለው መኪና ወንዝ መሻገሩ ስለማይቀር መተንፈሻውን በጎማ ቱቦ ወደ ሞተሩ ክፍል ከፍ ቢያደርጉት ውኃ ወደ ዘይቱ አይገባም።

አዲስ ማርሽ የመጀመሪያውን ሙቀት በዝግታ ማግኘት አለበት። ሳይጭኑ፣ በመካከለኛ ፍጥነት፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነድተው መኪናውን ያቁሙና ዲፈረንሻሉ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፤ ይህንኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙት። እስከ 800 ኪሎ ሜትር ድረስ ከባድ ጭነት አይጫኑ፣ ተጎታችም አይጎትቱ፤ በ800ኛው ዘይቱን ይቀይሩ። በዚህ የመጀመሪያ ዘይት ውስጥ ጥቂት ደቃቅ ብናኝ መታየቱ የተለመደ ነው፤ በጥፍር የሚነሳ ስንጣሪ ከታየ ግን ዲፈረንሻሉ መውረድ አለበት። ፎር ባይ ፎሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክሩት በኮረኮንች ወይም በአፈር መንገድ ላይ ቀጥ ብለው እየሄዱ ይሁን፤ መኪናው ከተንገታገተ ወይም ማንሻው አልወጣም ካለ የፊቱና የኋላው ሬሾ አንድ አይደለም።

የፍጥነት መቁጠሪያው ልኬቱን የሚወስደው ከትራንስፈሩ ስለሆነ ጎማውም ሬሾውም ይነካዋል። ትልቁ ጎማ ብቻ ገብቶ ሳለ 80 ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት 90 ይሞላ ነበር። 4.56 ከገባ በኋላ 80 ሲያሳይ እውነቱ 82 ገደማ ነው፤ በ4.88 ደግሞ መቁጠሪያው በተቃራኒው አብዝቶ ያሳያል፣ 80 ሲል መኪናው የሚሄደው በ76 አካባቢ ነው። ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ ላይ በስልክ ጂፒኤስ አነጻጽረው ልዩነቱን ይያዙት። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም በዚያው ልክ ስለሚያዛባ የዘይት መቀየሪያ ጊዜዎን ሲያሰሉ ያስቡበት።

በመጨረሻም በሁለቱም ዲፈረንሻሎች ቤት ላይ አዲሱን ሬሾ፣ የጥርሱን ቁጥርና የሺሙን ውፍረት በቀለም ይጻፉ፤ ለምሳሌ «4.88፣ 39 ለ8» ብለው። ከዓመታት በኋላ ኦይል ሲል ሊቀይር የሚገባው መካኒክ ወይም መኪናውን ከእርስዎ የሚገዛው ሰው በሻንሲ ቁጥሩ የ4.11 ዕቃ እንዳያዝዝ የሚከለክለው ይህ ጽሑፍ ብቻ ነው።